ከፊደላት ቃል ፍለጋ

ከፊደላት ቃል ፍለጋ የተወሰኑ ፊደላት ተሰጥተው በእነሱ የሚጻፉትን ወይም እነሱን በውስጣቸው የያዙትን ቃላት ማግኛ ዘዴ ነው። ለጨዋታ፣ ለእንቆቅልሽ፣ ለእንግሊዝኛ የፊደል አጻጻፍ ልምምድና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ይውላል። ይህ መጣጥፍ ዘዴውን የሚያብራራው በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኙ ሁለት ስሞች ነው፦ አንዱ የጌዴኦ ዞን፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ።

ዓይነቶቹ

ፍለጋው አራት መልክ አለው። የመጀመሪያው ሁሉንም ፊደላት አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይጨመር እንደገና መደርደር ነው። ጌዴኦ በእንግሊዝኛ በጂ፣ ኢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኦ ይጻፋል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረውም በዚሁ አጻጻፍ ነው። አምስቱ ፊደላት ሲገላበጡ “ጂኦድ” የሚለውን ቃል ይሰጣሉ፤ ይህም ውስጡ ክፍት ሆኖ ግድግዳው በክሪስታል የተሸፈነ ድንጋይ ነው። የዲላ ፊደላት ግን ዲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኤ በመሆናቸው አምስቱንም የሚጨርስ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አይገኝባቸውም።

ሁለተኛው ከተሰጡት ፊደላት ጥቂቶቹን ብቻ መጠቀም ነው። ከዲላ “ዳያል” እና “ሌይድ” ይወጣሉ፤ ሁለቱም የሚጻፉት በእነዚያው አራት ፊደላት ነው። “ሊድ” (ክዳን)፣ “ኤይድ” (እርዳታ) እና “ኢል” (ሕመምተኛ) ባለ ሦስት ፊደል ናቸው። ከጌዴኦ ደግሞ “ኤጅ” (ጠርዝ)፣ “ዶግ” (ውሻ) እና “ኢጎ” ይገኛሉ።

ሦስተኛው የተሰጡትን ሁሉ ይዞ ሌሎችን የሚጨምር ቃል መፈለግ ነው። የዲላ አምስት ፊደላት “አርማዲሎ” በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ስምና “ሜዳሊያን” በሚለው ቃል ውስጥ ተራቸውን ሳይጠብቁ አሉ። በ“ሴዲላ”፣ ማለትም ፈረንሳዮች ከሲ ፊደል በታች በሚያደርጓት ምልክት ስም፣ እንዲሁም በ“ግራናዲላ” ፍሬ ስም ውስጥ ደግሞ ሳይነጣጠሉ በተራቸው ይገኛሉ። የጌዴኦ ፊደላት በሙሉ “ጂኦደሲ” በሚለው የመሬትን ቅርጽና መጠን በሚለካ የሳይንስ ዘርፍ ስም ውስጥ ይገኛሉ።

አራተኛው የጥቂት ፊደላት ቦታ ታውቆ ቀሪውን መሙላት ነው። መስቀለኛ ቃላት የሚፈቱት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተስፋፋው ወርድል የተባለው ጨዋታም ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ እንዲገኝ ይጠይቃል።

አሠራሩ

በእጅ የሚፈልግ ሰው አናባቢዎቹን ከተነባቢዎቹ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የተለመዱ መነሻዎችንና መድረሻዎችን ይሞክራል፤ የተደገመ ፊደልን ይቆጥራል። ድግግሞሹን መዘንጋት የተለመደ ስሕተት ነው። በዲላ ውስጥ ኤል ሁለት ጊዜ ስላለ አምስቱ ፊደላት የሚሰጡት ድርድር 120 ሳይሆን 60 ነው። ሁሉም የተለያዩ ሰባት ፊደላት ግን 5,040 ድርድር አላቸው።

ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ድርድር አንድ በአንድ አይሞክርም። በመዝገቡ ያሉትን ቃላት ፊደላት አስቀድሞ በኤ-ቢ-ሲ ቅደም ተከተል ይደረድርና እንደ መለያ ይይዛቸዋል። ጌዴኦም ጂኦድም በዚህ መንገድ ሲደረደሩ ዲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኦ ስለሚሆኑ አንድ መለያ ይኖራቸዋል፤ አንዱን የጠየቀ ሌላውንም ያገኛል።

በጨዋታ ታሪክ ጉልህ ቦታ ያለው ስክራብል ነው። ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ ለእያንዳንዱ ፊደል ዋጋ የሰጠው በጋዜጦች ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ቆጥሮ ነው። ከ100 የእንግሊዝኛ ጠጠሮች 12ቱ ኢ ሲሆኑ፣ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ሆነው እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያስገኛሉ። የቦታ ስም በደንቡ ስለማይፈቀድ ዲላና ጌዴኦ አይቆጠሩም፤ ሴዲላና ጂኦድ ግን ይቆጠራሉ።

የፊደል ሥርዓት ልዩነት

ጌዴኦኛ (ጌዴኡፋ) እንደ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛና ቡርጂኛ የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋ ሲሆን በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በቋንቋው የተማረ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ሲገባ የፊደላቱን መልክ አስቀድሞ ያውቃል፤ የፊደላቱ ሥራ ግን ይለያያል። በጌዴኦኛ አንድ አናባቢ ሲደገም የድምፁን መርዘም ያሳያል፤ በእንግሊዝኛ ግን የተደገመ ኦ ብዙ ጊዜ “ኡ” ተብሎ ይነበባል። በጌዴኦኛ የሕዝቡ ስም ሲጻፍ ከኦ በፊት የጉሮሮ ድምፅ ምልክት ይገባል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ይህን ምልክት ይተወዋል። ጌዴኦ በአምስት ፊደላት ብቻ ተጽፎ ከጂኦድ ጋር ሊገጥም የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ለመገላበጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ዲላ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ሁለት ድርድር ብቻ አለው፤ ጌዴኦ ስድስት። እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉ ሞክሼ ፊደላት ደግሞ አንድ ቃል በተለያየ መንገድ እንዲጻፍ ስለሚያደርጉ፣ በአማርኛ የሚፈልግ ፕሮግራም እነሱን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት ይኖርበታል።

ገደቡ

ፍለጋው የሚያየው አጻጻፍን እንጂ ድምፅንና ትርጉምን አይደለም። ዳያልና ሌይድ በፊደል አንድ ቢሆኑም በንባብም በፍቺም አይገናኙም። ውጤቱም በተመረጠው የቃላት ዝርዝር ይወሰናል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ መዛግብት እንኳ ሁልጊዜ አይስማሙም። ስለዚህ ዘዴው ለቋንቋ ትምህርት የሚጠቅመው የተገኘው ቃል በመዝገበ ቃላት ከተፈተሸና በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተሠራበት ነው።