ሰባት ቤት ድረስ

በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረ ቅድመ አያቱን ፍለጋ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የመዝገብ እጦት ሳይሆን ስም ነው።

የዘመኑ ሰው ብዙ ስም ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ ሲወለዱ ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስም አስቀድሞ ካሳ ምርጫ፣ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ናቸው። ነገሥታት ስለሆኑ ሁሉም ስማቸው ይታወቃል። የተራው ባላገርስ? ጎረቤት በዓለም ስሙ ይጠራዋል፤ ቄሱ ግን በክርስትና ስሙ ያውቀዋል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው ቤተ ዘመዱ ብቻ ነው።

ጽሑፉማ አለ። ርስት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲናዘዙለት ጉዳዩ በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ይሰፍር ነበር፤ ማሰሪያው ውግዘት ነው። ዘመኑ «በዘመነ ማርቆስ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ፣ የንጉሡን ወይም የአለቃውን ስም አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፉ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ ለንደን ናቸው።

ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ቁልፍ የሽማግሌዎች ቆጠራ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እየቆጠረ መሬቱን ካቀኑት አባት መድረስ ነበረበት። መቁጠር ያልቻለ ተከራክሮ አይረታም። የሴት አያቶች ስም ሳይረሳ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ዐዋጁ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ቀንበር አላቀቀ፤ ትልቅ ነገር ነው። ቆጠራው ግን በዚያው ቀን ሥራ ፈታ። እንጀራ የማያስገኝ ዕውቀት ደግሞ ለልጅ አይነገርም።

የቀረው የጋብቻው ሰባት ቤት ነው። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል ሰባት ቤት 175 ዓመት ይሆናል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡበት ከ1847 ዓ.ም. አካባቢ ያደርሳል። እንግዲህ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ወደ ደብሩ ከመሄዱ በፊት ከቤተ ዘመዱ አዛውንት ፊት ይቀመጥ። የሚጠይቀውም «ማን ነበሩ?» ብቻ ሳይሆን «የክርስትና ስማቸውስ?» ብሎ ነው። ብራናው መቶ ዓመት ይጠብቃል፤ አዛውንቱ ግን አይጠብቁም።