አይጥና የሐዋሳ ቤት

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትቆረቆር፣ የሲዳማ እረኞች አዳሬ እያሉ ከብት ያሰማሩበት የነበረው ሜዳ ተሸንሽኖ የጡረተኛ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ በሆነ ጊዜ፣ ከሰፋሪው ጓዝ፣ ከእህሉ ጆንያና ከገለባው ጋር፣ ማንም በመዝገብ ያላሰፈረው የቤት አይጥም አብሮ መግባቱ አይቀሬ ነበር።

የአይጥና የሰው ጉርብትና እጅግ ጥንታዊ ነው። ሊቃውንት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች ቆፍረው ባገኙት አጥንት እንደተረዱት፣ አይጥ ወደ ሰው ቤት የተጠጋው እርሻ ከመጀመሩም በፊት፣ ከ15,000 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ሰው ከመንከራተት ዐርፎ ባንድ ስፍራ መቀመጥ በጀመረበት ዘመን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን ፍጥረታት ጋር ይቈጥረዋል፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊም ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ሲመልሱ፣ ምድራቸውን ባጠፉት አይጦች አምሳል አምስት የወርቅ አይጦች ሠርተው ካሣ አድርገው እንደላኩ ይተርካል።

የሲዳማ ባላገር ግን የዓመት ቀለቡ በጓሮው የቆመ እንሰት ስለሆነ፣ የተፋቀውንም በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብሮ የሚያብላላ ስለሆነ፣ ደረቅ እህል በቤት ውስጥ የመከመር ግዴታው እንደ ሰሜኑ ገበሬ አልነበረም፤ የእንሰቱም ጠላቶች ይልቁን ፍልፈልና ጃርት ናቸው። ከሰሜንና ከሸዋ የመጣው ሰፋሪ በአንጻሩ ጤፉን፣ ስንዴውንና ሽሮውን ይዞ ሲመጣ፣ አባቶቹ እህልን ከአይጥ የሚጠብቁበትን ብልሃት ሁሉ ይዞ አልመጣም። በአገሩ ጎተራው በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ ተከድኖ ይቀመጥ ነበር፤ በየገዳማቱም ካህናቱ የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ችካል ላይ የሚሰቅሉት፣ ለክብራቸው ብቻ ሳይሆን ከእርጥበትና ከአይጥ ጥርስ እንዲጠበቁ ጭምር ነው። በከተማ ግን እህሉ በጆንያ ሆኖ ከመኝታው ክፍል ጥግ ተደገፈ።

የቀድሞው የከተማ ቤትም ለአይጥ የተመቸ ነበረ። የጭቃው ግድግዳ ሲደርቅ ከማገሩ እየተላቀቀ ይሰነጠቃል፤ በተደለደለው የአፈር ወለልና በበሩ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ከቆርቆሮው በታች የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ደግሞ ቀን በፀሐይ የሞቀ፣ ሌሊት ማንም የማይደርስበት ሰገነት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ቤተ ሰቡ ሲተኛ ሩጫው ይጀመራል፤ ፋኖስ ከፍ አድርጎ የተመለከተ ሰው ጨርቁ በትንንሽ እግሮች ሥር እየረገበ፣ ከማእድ ቤቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ጆንያው አናት የሚዘልቀውን የዘወትር መንገድ በዓይኑ ሊከተል ይችላል።

ይህን መንገድ ማወቅ ከማናቸውም መድኃኒት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የቤት አይጥ ባብዛኛው ከጎጆው ከ10 ሜትር አይርቅም፤ ሜዳውን አቋርጦ ከመሮጥም ግድግዳ ታክኮ መሄድን ይመርጣል። 6 ሚሊ ሜትር በምታህል ቀዳዳ ይሾልካል፤ በሦስት ሳምንት እርግዝና ከአምስት እስከ ስምንት ግልገል ይወልዳል፤ የተወለዱትም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በቀን የሚበላው 3 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ በሽንቱና በኩሱ የሚያረክሰው ግን ከሚበላው እጅግ ይበዛል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ በአይጥ የተማረረ ሰው በችኮላ የሚወረውረው መርዝ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላውን ነው። ከነዚህ መርዞች አንዱ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ በሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይሆናል፤ ሕፃኑን፣ ዶሮዋን፣ አይጡን የምትይዘውን ድመት ሳይቀር ይገድላል፤ ለይቶ የሚያረክሰው ማርከሻም የለውም። ስሙና መጠኑ ሳይጻፍበት በወረቀት ተጠቅልሎ የተሸጠ መርዝ ልጆች ወዳሉበት ቤት መግባቱ ሊያሳዝነን ብቻ ሳይሆን ሊያስቈጣን ይገባል።

ዛሬ ሐዋሳ በብሎኬትና በሲሚንቶ ቤት ተሞልታለች፤ አይጡ ግን የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ ግድግዳ በሚበሳበት ስፍራ መግቢያ አላጣም። ቀዳዳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መድፈን፣ እህሉን ክዳን ባለው በርሜል ማኖር፣ ጆንያ ካለም ከወለል ከፍ ከግድግዳም ራቅ ማድረግ፣ ወጥመዱን ጥቂት የለውዝ ቅቤ ቀብቶ ኩሱ በታየበት ግድግዳ ሥር አፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማጥመድ ይበቃል። ኩሱንም ደረቁን መጥረግ አቧራውን ወደ ሳንባ ስለሚያስገባ፣ አስቀድሞ በበረኪና ውኃ ማራስ ይሻላል። ይህ ሁሉ በተለይ በከተማው ዳር ላሉ ቤቶች በቆሎው ከመሰብሰቡ በፊት ቢፈጸም መልካም ነው፤ ማሳው ባዶ ሲሆን የሜዳው አይጥም ቀለብ ፍለጋ ወደ ቤት መጠጋቱ አይቀርምና።