ዕረፍት ወይስ ንዝረት? የእንስሳት አጥንት ስብራት ሕክምና ታሪክና ትምህርቱ



ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይሁንና ባቡሩ ከመጣ በኋላም ግመሉ፣ አህያውና የጋሪው ፈረስ ሸክማቸውን አላራገፉም። ከእነዚህ የአንዱ እግር ሲሰበር ባለቤቱ የሚያጣው እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የዕለት እንጀራውን ጭምር ነው። ስለዚህ «የተሰበረ አጥንት በምን ይጠገናል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የቤተ ሙከራ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

የቆየው መልስ በወጌሻው እጅ ይገኛል፤ ስብራቱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጣሪ ማሰር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። የሊቨርፑሉ ሂዩ ኦወን ቶማስ ያልተቋረጠና የረዘመ ዕረፍትን ሲያጸና፣ ፈረንሳዊው ሉካ ሻምፒዮኒየር ማሸትና ቀደም ብሎ ማንቀሳቀስ ይበጃል አለ። በ1892 ጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት በሚያርፍበት ጫና መሠረት ውስጣዊ አሠራሩን እንደሚለውጥ አስረዳ።

ክርክሩ ወደ ልኬት የተሸጋገረው ግን በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። በ1985 ጉድሺፕና ኬንራይት የበጎችን የቅልጥም ስብራት አጠኑ። ጨርሶ እንዳይነቃነቅ ከተያዘው ይልቅ፣ በቀን ለ17 ደቂቃ በመሣሪያ በመጠኑ እንዲነቃነቅ የተደረገው ስብራት ተሽሎ ተጠገነ። በ2001 ሩቢንና ባልደረቦቹ ያልተሰበሩ በጎችን በቀን ለ20 ደቂቃ፣ በሰከንድ 30 ጊዜ በሚነዝር መድረክ ላይ አቆሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጭን አጥንታቸው ስፖንጅ መሰል ክፍል ጥግግት በ34 በመቶ ገደማ ጨመረ። በ2009 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ንዝረት የአይጦችን የጭን ስብራት ጥገና እንዳፋጠነ አሳዩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማሽን መግዛት ብቻ ይቀረን ነበር። ነገር ግን በጀርመን ኡልም የተደረገ ጥናት በ2015 ሌላ ውጤት አስነበበ። ንዝረቱ የእንቁላል ማኅደራቸው የወጣላቸውን አይጦች ስብራት ሲረዳ፣ የጤነኞቹን ግን አዘገየ። አንዱን የሚያድን መጠን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ንዝረት ይሻላል ወይም ዕረፍት ይሻላል የሚል አይደለም። ሁለቱም መጠን ይሻሉ። ከመጠን በላይ የጠበቀ እስር የደም ዝውውርን ዘግቶ እግሩን ያበሰብሳል፤ የላላውም ስብራቱ እንዳይገጥም ያደርጋል። በዚህ ላይ ግመልና ፈረስ «ተኛና ዕረፍ» ቢባሉ አይሰሙም፤ በቆሙና በተራመዱ ቁጥር የገዛ ክብደታቸው ስብራቱን ይጫነዋል። እንግዲህ ለአካባቢያችን የእንስሳት ሕክምና ቀዳሚው ሥራ ያንን ጫና መለካትና መግራት ነው። የወጌሻውን እጅ ሳይንቁ፣ በልኬት እያረሙ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያስፈልጉናል፤ የሚነዝረው መሣሪያ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።