ሰንደቅ ዓላማ ብቻውን ጋሻ አይሆንም
(የዓለም አቀፍ ሰላም አስከባሪ ተልእኮዎች የጥበቃና የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች አጭር ታሪክ)

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የታሪክ ትምህርት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው ስለ ቻርተሩ፣ ስለ ጸጥታው ምክር ቤትና ስለ ዋና ጸሐፊዎቹ ነው። ስለ ሰላም ማስከበር ስንናገርም ሰማያዊ ቆብ የደፋው ወታደርና አዛዡ ይታወሳሉ። ነገር ግን በተልእኮው በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚመለከተው፣ ማታ ማታ የነዳጅ ማከማቻውን እየዞረ የሚፈትሸው፣ የእሳት ማጥፊያዎቹን የምርመራ ቀን መዝግቦ የሚይዘው ሰው በትምህርታችን ውስጥ ስፍራ የለውም። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ታሪክ የምናስተምር መምህራን የዚህን ሙያ አመጣጥ ስንከታተል የተገነዘብነው ዋና ነገር ቢኖር፣ የሙያው ደንብ በአብዛኛው በሰው ሕይወት የተገዛ መሆኑን ነው። አደጋ ይደርሳል፣ ሰው ይሞታል፣ አጣሪ ይሰየማል፣ ከዚያ በኋላ ደንብ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሂደት በቅደም ተከተል ማሳየትና ለመምህራን ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያለ አጃቢ የተጓዘው አስታራቂ

በሜይ 1948 በአረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስዊድኑን ካውንት ፎልክ በርናዶትን አስታራቂ አድርጎ ሾመ። በዚያው ወር መጨረሻ የተኩስ ማቆሙን የሚከታተሉ ታዛቢዎች እንዲላኩ ተወሰነ፤ ይህም የድርጅቱ የመጀመሪያው የሰላም ማስከበር ተልእኮ ሆኖ ይቆጠራል። ታዛቢዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም። እነርሱን እንዲረዱ በጁን ወር ከድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት 50 ያህል ዘበኞች ወደ ፍልስጥኤም ተላኩ። እነዚህ ዘበኞች ለዚያ ዓይነት ሥራ የተቀጠሩ አልነበሩም፤ ኒው ዮርክ አጠገብ የጽሕፈት ቤት በርና አዳራሽ የሚጠብቁ ነበሩ።

በዚያን ዘመን የነበረው እምነት ግልጽ ነው። የድርጅቱ ሰንደቅ ዓላማ የሁሉም ስለሆነ ማንም አይተኩስበትም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ እምነት የፈረሰው በሴፕቴምበር 17 ቀን 1948 ነው። በዚያ ዕለት በርናዶት የታጠቀ አጃቢ ሳይኖራቸው በኢየሩሳሌም ከተማ በመኪና ሲጓዙ ሌሂ የተባለው ኅቡዕ ቡድን ታጣቂዎች መንገዱን ዘግተው ገደሏቸው። አብረዋቸው የነበሩት ፈረንሳዊው ኮሎኔል አንድሬ ሴሮም ሞቱ። የበርናዶትን ሥራ ተረክበው በ1949 የተኩስ ማቆም ስምምነቶቹን ለፍጻሜ ያበቁት ራልፍ በንች ሲሆኑ፣ ለዚህም በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተዋል። ተማሪዎቻችን የበንችን ሽልማት ያውቃሉ፤ የቀድሞው አስታራቂ ያለ ጠባቂ መሄዳቸውን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ከጦር ኃይል ሐሳብ ወደ መስክ አገልግሎት

የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ትሪግቬ ሊ፣ በርናዶት ከመገደላቸው በፊት በጁን 1948 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፣ ድርጅቱ ከ1000 እስከ 5000 ሰዎች ያሉት የራሱ የዘብ ኃይል ቢኖረው መልካም መሆኑን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ከግድያው በኋላ ሐሳቡ ይበልጥ ክብደት ቢያገኝም መንግሥታቱ በቀላሉ አልተቀበሉትም። በተለይ ሶቪየት ኅብረት፣ ዋና ጸሐፊው የታጠቀ ኃይል እንዲኖረው ቻርተሩ አይፈቅድም ስትል ተቃወመች። ሌሎችም መንግሥታት ቢሆኑ ወጪውንና ሊያስከትል የሚችለውን መዘዝ ፈርተዋል።

በመጨረሻ የተገኘው ስምምነት ከመጀመሪያው ሐሳብ እጅግ ያነሰ ነበር። በኖቬምበር 22 ቀን 1949 ጠቅላላ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 297 «የመስክ አገልግሎት» የተባለውን ክፍል አቋቋመ። የታሰበው ቁጥር 300 ሰው ነበር። ሥራቸው መኪና መንዳት፣ የሬዲዮ መገናኛ መያዝ፣ የድርጅቱን ሕንጻዎችና ሠራተኞች መጠበቅ ሆነ። ጦር እንዳይመስሉም በመደበኛነት መሣሪያ እንዳይታጠቁ ተደረገ። ዛሬ በየተልእኮው የምናገኛቸው የጥበቃና የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች የዚህ ክፍል ወራሾች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሙያው ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ሁለት የሚጣሉ ፍላጎቶች ተሸክሟል። አንደኛው ሰውን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጠባቂው ጦረኛ ሳይመስል፣ በሩም ለሕዝቡ ሳይዘጋ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ንዶላ፤ 1961

ኮንጎ በ1960 ነጻነቷን ባገኘች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁከት ሲነሣ ድርጅቱ እስከዚያ ጊዜ ካሠማራው ሁሉ የሚበልጥ ኃይል ላከ። ኢትዮጵያም ጦሯን ቀድመው ከላኩት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከ1962 እስከ 1963 የተልእኮው ጦር አዛዥ የነበሩትም ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። በዚህ ተልእኮ ውስጥ ከወታደሮቹ ጎን የሲቪል ጥበቃ ሠራተኞች ይሠሩ ነበር።

ዋና ጸሐፊ ዳግ ሃመርሾልድ ከካታንጋው መሪ ከሞይስ ቾምቤ ጋር ለመነጋገር ከሊዮፖልድቪል ተነሥተው ሲበሩ፣ ከሴፕቴምበር 17 ለ18 አጥቢያ 1961 አውሮፕላናቸው ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር በንዶላ አጠገብ ወድቆ ተቃጠለ። ከ16ቱ ተሣፋሪዎች መካከል በሕይወት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም የተልእኮው የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ የነበረው ሃሮልድ ጁሊየን ነው። ስብርባሪው በይፋ የተገኘው ከወደቀ 15 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ስለነበረ፣ ጁሊየን በቃጠሎና በስብራት እየተሠቃየ ያን ሁሉ ጊዜ በጫካ ውስጥ ቆየ። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ስለ ፍንዳታና በሰማይ ላይ ስላየው ብልጭታ ተናገረ፤ በሴፕቴምበር 23 ቀንም ሞተ። በጊዜው የተቋቋመው የሮዴዥያ አጣሪ ኮሚሽን ቃሉን የሚቃዥ ሰው ንግግር ነው ብሎ ክብደት አልሰጠውም። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ግን ጉዳዩን በድርጅቱ ስም እንደገና የመረመሩት የቀድሞው የታንዛኒያ ዋና ዳኛ መሐመድ ቻንዴ ኦትማን የጁሊየንን ቃል በቁም ነገር ተመለከቱት። እነሆ፣ የታሪክ ምሁራን ዛሬም የሚከራከሩበት የአንድ ታላቅ ምሥጢር ብቸኛ የዓይን ምስክር፣ ከአውሮፕላኑ ውስጥ የተረፈው የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ቃሉን በጊዜው በጥንቃቄ የመዘገበለት ግን አልነበረም።

ሥራው ምንድን ነው?

የጥበቃ ሠራተኛው ዕለታዊ ሥራ ጀብድ የለበትም። የሚገባና የሚወጣውን ሰው ይመዘግባል፣ በተሽከርካሪ ሥር በመስታወት ይፈትሻል፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የት እንደሚያድር የሚያሳይ ዝርዝር ይይዛል፣ በተወሰነ ሰዓት በሬዲዮ እየጠራ መኖራቸውን ያረጋግጣል፣ ሽሽት ቢያስፈልግ በየትኛው መንገድ እንደሚወጡ አስቀድሞ ያጠናል።

የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረባው ደግሞ ከጠላት የማይመጣውን አደጋ ይጠብቃል። የሰላም አስከባሪ ሰፈር በባሕርዩ ለእሳት የተመቸ ነው። ቤቶቹ ተገጣጣሚና የተጠጋጉ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ቀንና ሌሊት ከሚሠራ ጄኔሬተር ነው፤ ነዳጅ በብዛት ይከማቻል፤ ጥይትና ፈንጂም አለ። በአንድ መሰኪያ ላይ ብዙ ዕቃ ይሰካል፤ ከአገሩ ምግብ የናፈቀ ሠራተኛም በመኝታ ክፍሉ ምድጃ ይለኩሳል። በኬሚስትሪ ክፍል እንደሚታወቀው እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ እነርሱም ሙቀት፣ ተቀጣጣይ ነገርና ኦክስጅን ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተነፈገ ይጠፋል። ለእንጨት፣ ለወረቀትና ለጨርቅ ውሃ ይበቃል። በሚነድ ነዳጅ ላይ ግን ውሃ ቢደፋ እሳቱን ያስፋፋዋልና አረፋ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ላለበት እሳት ውሃ ሰውን ስለሚገድል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማፈን ይገባል። ስለዚህ የባልደረባው ሥራ ትክክለኛውን ማጥፊያ በትክክለኛው ስፍራ ማስቀመጥ፣ ነዳጁን ከመኝታ ማራቅ፣ መውጫዎች እንዳይዘጉ መቆጣጠርና ሠራተኛውን ደጋግሞ ማለማመድ ነው። ሥራው በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር አይታይም። ምስጋናም የሌለው ለዚህ ነው።

ከ1948 ወዲህ በሰላም ማስከበር ሥራ ላይ ሳሉ የሞቱት ከ4000 በላይ ናቸው። ከእነዚህም በአደጋና በሕመም የሞቱት አንድ ላይ ሲደመሩ በጠላት እጅ ከሞቱት ይበልጣሉ። በጃኑዋሪ 12 ቀን 2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜም የተልእኮው ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ክሪስቶፈር ሆቴል ፈርሶ፣ በዚያና በሌሎች ስፍራዎች 102 የድርጅቱ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ። በዚያ ቀን አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

ባግዳድና ከባግዳድ በኋላ

በኦገስት 19 ቀን 2003 ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና በባግዳድ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት በነበረው በካናል ሆቴል ግድግዳ ሥር ፈነዳ። ልዩ መልእክተኛው ሰርጂዮ ቪየራ ደ ሜሎን ጨምሮ 22 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ። የተልእኮው ሰዎች ለኢራቅ ሕዝብ ቅርብ ሆነው ለመታየት ስለፈለጉ በዙሪያቸው ከባድ የጦር ጥበቃ እንዲኖር አልወደዱም ነበር። በመስታወቶች ላይ መለጠፍ የነበረበት መከላከያም ስላልተሟላ ስባሪው ብዙ ሰው ጎዳ። ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት የነበሩትን ለማውጣት የሚያገለግል መሣሪያ ስላልነበረ፣ ሁለት የአሜሪካ ወታደሮች የሴት የእጅ ቦርሳን እንደ ባልዲ፣ የመጋረጃ ገመድን እንደ መጎተቻ አድርገው በእጃቸው ቆፈሩ። አንድ ሰው በሕይወት አወጡ፤ ለቪየራ ደ ሜሎ ግን አልደረሱላቸውም።

በፊንላንዳዊው ማርቲ አህቲሳሪ የተመራው አጣሪ ቡድን በዚያው ዓመት ባቀረበው ዘገባ የድርጅቱ የጥበቃ ሥርዓት እንደማይሠራ፣ ደንቦቹም እንዳልተከበሩ በግልጽ ጻፈ። በዚህም ምክንያት ልዩ ልዩ የነበሩት የጥበቃ ክፍሎች ተዋሕደው ከጃኑዋሪ 2005 ጀምሮ አንድ የደኅንነትና የጥበቃ መምሪያ ተቋቋመ። ይሁንና በዲሴምበር 11 ቀን 2007 በአልጀርስ በደረሰ ፍንዳታ 17 የድርጅቱ ሠራተኞች ስለሞቱ መምሪያ ማቋቋም ብቻውን እንደማይበቃ ታየ።

በኦክቶበር 28 ቀን 2009 ደግሞ በካቡል የድርጅቱ ሠራተኞች ባረፉበት ቤት ላይ ታጣቂዎች አደጋ ጣሉ፤ ሕንጻውም በእሳት ተያያዘ። ሁለት የጥበቃ ባልደረቦች፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ማክስዌልና ጋናዊው ሎረንስ ሜፉል፣ አጥቂዎቹን እየተታኮሱ በማቆየታቸው ሌሎች ለማምለጥ ጊዜ አገኙ። ሁለቱም ሞቱ። በዕለቱ ከሞቱት አምስት የድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ሁለቱ እነርሱ ነበሩ። በርናዶት ያልነበራቸው ጠባቂ በካቡል ነበር፤ ዋጋውንም የከፈለው ራሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግንብ ከፍ ይበል፣ በር ይጥበብ የሚለው ሐሳብ አሸንፏል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህም ጉዳት አለው። ከግንብ በስተጀርባ የሚኖር ሰላም አስከባሪ ሕዝቡን አያውቅም፤ ሕዝቡም እርሱን አያምነውም። በ1949 የነበረው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። በእኛ አስተያየት የባግዳድ ጥፋት በሩ መከፈቱ ሳይሆን፣ በሩ ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ የባሰ ጥንቃቄ እንደሚያሻ አለመታሰቡ ነው።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ ለእኛ ለመምህራን ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ታሪክን በታላላቅ ሰዎች ስም ብቻ ማስተማር ግማሹን መተው ነው። ስለ ሃመርሾልድ ስንናገር ስለ ጁሊየንም እንናገር፤ ተማሪውም «የማን ቃል ተሰማ? የማንስ ተዘነጋ?» ብሎ እንዲጠይቅ እናድርገው።

ሁለተኛ፣ ጥንቃቄ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በማርች 2001 በኬንያ በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በሌሊት በተለኮሰ እሳት ከ60 በላይ ተማሪዎች በመኝታ ቤታቸው አለቁ፤ አንደኛው በር ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር። በሴፕቴምበር 2024 እዚያው ኬንያ ውስጥ በሂልሳይድ እንዳራሻ አካዳሚ 21 ልጆች በእሳት አደጋ ሞቱ። ሌባን ለመከላከል የተቆለፈ በር እሳት ሲነሣ ወጥመድ ይሆናል። ጥበቃና የእሳት መከላከል በአንድ ሙያ ውስጥ የተጣመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንደኛው «ዝጋ» ሲል ሌላው «ክፈት» ይላልና፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ የየት/ቤታቸውን መኝታ ቤት፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት በሮች እንዲቆጥሩ፣ ቁልፉ በሌሊት ማን ዘንድ እንደሚያድር እንዲጠይቁ፣ ተማሪዎቹንም ቢያንስ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲያለማምዱ እናሳስባለን። ለዚህ አጣሪ ኮሚሽን እስኪሰየም መጠበቅ አያስፈልግም።