የጎረቤት ዋይፋይና የራስ ምታት፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት

የቤት ኢንተርኔት በተስፋፋባቸው አገሮች ሁሉ ከጎረቤት ቤት ግድግዳ ጥሶ የሚገባው የዋይፋይ ሞገድ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ያስከትላል የሚል ስጋት ሲነሳ ቆይቷል። ጉዳዩ ከጣርማ በር ቁልቁል በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚኖሩ ዜጎችም መልስ የሚሻ ነው።

ዋይፋይ እንደ ሞባይል ስልክ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሲሆን፣ በአብዛኛው በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ ይሰራጫል። ሞገዱ እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ሕዋሳት ውስጣዊ አካል የመስበር አቅም የለውም። ኃይሉ እጅግ ሲበዛ ግን የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል።

ይህንኑ ለመከላከል ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው መመሪያ፣ በእነዚህ ሞገዶች ለኅብረተሰቡ የተፈቀደውን ጣሪያ በካሬ ሜትር 10 ዋት አድርጎታል። 100 ሚሊ ዋት የሚያሰራጭ መሣሪያ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያደርሰው 0.008 ዋት ያህል ሲሆን፣ ይህም ከጣሪያው አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ግድግዳም የበለጠ ያዳክመዋል። በመሆኑም ከጎረቤት ራውተር ይልቅ ጆሮ ላይ የሚደገፈው የራስ ስልክ የሚያደርሰው ሞገድ ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ተርታ መድቦታል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ አስጠንቶ በ2024 ይፋ የሆነው የጥናቶች ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። ድርጅቱ በ2005 ባወጣው መግለጫም የሚሰማው ሕመም እውነተኛ ቢሆንም ከሞገዱ ጋር የሚያያይዘው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለ አመልክቷል።

አሳሳቢው ነገር ምልክቶቹ ለዋይፋይ ተሰጥተው ትክክለኛው መንስኤ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው የጣርማ በር ብርድ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚቀጣጠል ከሰል ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አስከትሎ እስከ ሞት ያደርሳል። በቆላማው ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ደግሞ ትኩሳት የታከለበት ራስ ምታትና ድካም የወባ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ስጋት ያደረበት ሰው የራሱን ራውተር ከመኝታው ማራቅ ወይም ሌሊት ማጥፋት ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከሰልን በተዘጋ ክፍል ከማቀጣጠል መቆጠብ፣ ትኩሳት ሲሰማም ሳይዘገዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይገባል።