ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር፦ ጋራዥ ከመግፋታችሁ በፊት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስከ አቃቂ ገበያ ድረስ በማለዳ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ ክርርር... ክርርር... እያለ የሚደክም ሞተር ሳይክል። የከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. የሞተር እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ ደግሞ መንገድ ላይ የምናየው ሞተር በአብዛኛው የእንጀራ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ቆማችሁ ስትረግጡ ትዕዛዙ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ጋራዥ ስትደርሱ "ካርቡሬተሩ አልቋል፣ ይቀየር" ልትባሉም ትችላላችሁ። እኛ የምንለው፦ ካርቡሬተር ከመግዛታችሁ በፊት ካንዴላውን ፍቱና እዩት።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ። ሲሊንደር ውስጥ የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ተኑ ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቤንዚን በደንብ አይተንም፣ ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪ ይደክማል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ወንዝ ዳር ያላችሁ ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይሰጠዋል። አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቾኩን ሙሉ በሙሉ ሳቡ፣ ከዚያ ቤንዚን መስጫውን አትንኩት። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ቾኩ የሚሠራው ቤንዚን መስጫው ሲዘጋ በሚፈጠረው መሳብ ነው፤ እየጠመዘዛችሁ ስታርት ካደረጋችሁ ቾኩን ራሳችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው። ስታርቱን ከ5 ሰከንድ በላይ አትጫኑ፣ ትንሽ አሳርፉና ድገሙ። ከተነሳ በኋላ ቾኩን ግማሽ አድርጉ፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሙሉ በሙሉ መልሱት። ቾክ ተስቦ እስከ ሳሪስ የሚነዳ አለ! ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላውን በጥላሸት ይሸፍነዋል፣ የነገው ጠዋት ደግሞ ከዛሬው ይብሳል።

እዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነፃፀር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ስለዚህ ቾክ ስባችሁ ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ ሞተሩ በቀላሉ በቤንዚን ይታፈናል። ሲታፈን ሽታው ይመጣል። ያን ጊዜ ቾኩን መልሱ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ያዙና ብዙ ጊዜ ርገጡ፤ አየር ሲገባበት ይደርቃል።

አሁንም እምቢ ካለ ጥያቄው አንድ ነው፦ ረግጣችሁ ስታስነሱት ይነሳል ወይስ አይነሳም? በእግር እየተነሳ በስታርት እምቢ ካለ ጣጣው ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ጋር ነው፣ ካርቡሬተሩን ተዉት። ሌሊቱን ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ አልሞላም።

በሁለቱም ካልተነሳ ካንዴላውን ፍቱ። ቤንዚን አርሶት ከሆነ ወይ ታፍኗል ወይ እሳት የለውም። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካለበት የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ቾኩ አልመለስ ብሏል፤ የመንገዱን አቧራ ስናይ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ፊልትሮውን ነው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛውን ከሞተሩ መመሪያ ተመልከቱ። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ኬብሉ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፣ ከቀዳዳው ግን አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው ተን ይቀጣጠላል። ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው፣ ቀጭን ብርቱካናማ ከሆነ ደካማ ነው። ደጅ ያደረ ሞተር ከሆነ የካንዴላው ቆብ ውስጥ ጤዛ ገብቶ እንዳይሆን በጨርቅ አድርቁት።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ። ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ጥቂቱን በሚያሳይ ጠርሙስ ተቀበሉ። ውሃ ካለበት ሥር ወርዶ ለብቻው ይታያል። ለሳምንታት የቆመ ሞተር ውስጥ ያለ ቤንዚንም ቀላሉ ክፍል ተንኖ ያልቅና ለብርድ የማይሆነው ይቀራል።

ቾክ የሌላቸው አዳዲሶቹ ኢንጀክሽን ሞተሮች ላይ ቁልፉን ከፍታችሁ የቤንዚን ፓምፑ ድምፅ እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ስታርት።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምንፈራው። ሌባ ፈርቶ ሞተሩን ቤት ውስጥ የሚያሳድር ብዙ ነው፣ እንረዳለን። ግን እዚያው ክፍል ውስጥ በፍጹም አታሙቁት። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በየዓመቱ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቾክ ሲሳብ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። በር መክፈት አይበቃም፤ ገፍታችሁ ግቢ አውጡት፣ ሰው ከተኛበት መስኮት ራቁ። ካንዴላ ስትፈቱም ሆነ ቤንዚን ስታፈሱ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ አጠገብ አይሁን።

ይህን ሁሉ አይታችሁ እሳቱም ቤንዚኑም ደህና ከሆነ ነገሩ ለመካኒክ ነው። መካኒኩን "ቫልቮቹን ለካህልኝ?" ብላችሁ ጠይቁ። ክፍተታቸው የጠበበ ቫልቮች በደንብ ስለማይገጥሙ እምቅታው ይወርዳል፣ ብርድ ላይም አያስነሱም። የሚለኩት ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሆነ ነድታችሁ እንደደረሳችሁ ልለካ የሚላችሁን አትመኑ፤ ሞተሩን ማታ እዚያው አሳድሩት። ሌላው መሞከሪያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ቶሎ ከተነሳ የፒስተኑ ፋሻ ተበልቷል፤ ካርቡሬተር ቢቀየርም ለውጥ የለውም።