ከጉኑኖ ጎርፍ እስከ ድምፅ ሞገድ

ዝናቡ ሲበረታ በወላይታ የጉኑኖ ጅረቶች ይቀላሉ። ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ እንሰቱን፣ ጎደሬውንና በቆሎውን የሚመግበውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመሩ፤ መሪው ሃንስ ሁርኒ ነበሩ። ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዱ ጉኑኖ ሆነ። ወንዙ ሲደፈርስ ታዛቢው በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳ ነበር፤ ውኃው በወረቀት ይጣራ፣ የቀረው አፈርም ደርቆ ይመዘን ነበር። ስለ ኢትዮጵያ አፈር መሸርሸር ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በዚህ ትዕግሥት ነውና እነዚያ ታዛቢዎች ትልቅ ክብር ይገባቸዋል።

ከውኃው ለመለየት አስቸጋሪው ሸክላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ጆርጅ ስቶክስ እንዳሳየው የቅንጣት ስፋት በግማሽ ሲያንስ የመዝቀጥ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነች የሸክላ ቅንጣት 10 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ማዳበሪያና ንጥረ ነገር አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው ደቃቅ ሸክላ ነው። በደቡብ የሚበቅለው የሽፈራው ዘር ይህን ችግር በራሱ መንገድ ይፈታል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ቅንጣቶቹን አያይዞ ያጓጉላቸዋል፣ ከብደውም ይዘቅጣሉ።

ቅንጣትን ከውኃ በድምፅ መለየትም ይቻላል፤ ይህ ዘዴ የመጣው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ጀርመናዊው አውጉስት ኩንት በመስታወት ቱቦ ውስጥ ዱቄት በትኖ ድምፅ ቢለቅበት ዱቄቱ በየተወሰነ ርቀት ተከማቸ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖል ላንዥቫን በኳርትዝ ክሪስታል ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ባሕር ላከ። ዛሬ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ከጠባብ ቦይ ግድግዳ ጋር ይገጠማል። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ግፊቱ ጸጥ የሚልበት መስመር ይፈጠራል፤ ከውኃ የከበደና የጠጠረ ቅንጣት ወደዚያ ይሳባል፣ የስብ ጠብታ ደግሞ ይሸሻል። ይህ ዘዴ የደም ሴሎችን ለመለየት ያገለግላል።

ለአፈር ግን የስቶክስ ሕግ እዚህም ይከተለናል። የድምፁ ኃይል ከቅንጣቷ ይዘት ጋር፣ የውኃው መቋቋም ከስፋቷ ጋር ስለሚሄድ ስፋቷ በግማሽ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቷ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ድምፁ ራሱ የሚያስነሳው የውኃ ሽክርክሪት ቅንጣቷን ያንከራትታታል። መሣሪያው የሚደክመው ጉኑኖ በጣም የምትሳሳለት አፈር ላይ ሲደርስ ነው።

እኔ መሞከር ያለበት ይመስለኛል የምለው ሁለቱን ማገናኘት ነው፦ ሸክላውን በሽፈራው ዘር አጓጉሎ ከዚያ ለድምፁ መስጠት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለቱም ለጉኑኖ ቅርብ ናቸው።